ከደጅ እስከ ደጅ፦ አውሮፕላን፣ ባቡርና መርከብ ከለቡ ሆነን ስናያቸው

የፉሪ ሰው

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። «አውሮፕላን ይሻላል ወይስ ባቡር» የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚያልቀው በፍጥነት ነው። አንዱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሌላው የቻይናን 350 ይጠራል፤ መርከብን የሚያነሳማ የለም። ለእኔ ይሄ ልኬት ጎዶሎ ነው። መንገደኛ ጉዞ የሚጀምረው ከቤቱ ደጅ ነው፤ የሚጨርሰውም የሚሄድበት ደጅ ላይ ሲደርስ ነው። በዚህ ሲለካ ደረጃው ይገለባበጣል።

ከፉሪ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው እንውሰድ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከፉሪ ቦሌ ግን ጠዋት መንገዱ ሲጨናነቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይበላል። ቀድሞ መገኘት አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ሻንጣ ማስመዘን አለ። ደርሶ ደግሞ ሻንጣ መጠበቅና ከኤርፖርት ከተማ መግባት አለ። ሲደመር አምስት ሰዓት ይሞላል። አየር ላይ የቆየው ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነው።

አሁን ማድሪድንና ባርሴሎናን እዩ። በሐዲድ 621 ኪሎ ሜትር ነው። ፈጣኑ ባቡር በ2008 ከመከፈቱ በፊት በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው የአየር መስመር በዓለም ላይ በጣም ከሚጨናነቁት አንዱ ነበር። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሕዝቡ ግን ወደ ባቡሩ ዞረ፤ ጣቢያዎቹ ከተማው ውስጥ ናቸውና። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ከፈጀ መንገደኛውን ከአውሮፕላን ይወስዳል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ከሄደ አውሮፕላኑ ይበልጠዋል። ፈረንሳይ ይሄን ሕግ እስከማድረግ ደርሳለች። በ2023 ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ናንትና ቦርዶ የነበሩትን በረራዎች ከልክላለች፤ ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሚያደርስ።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳይምታታ።)

እኛስ? የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የሚቆምበት ፉሪ ለቡ ጣቢያ ከተማው ዳር ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ደግሞ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሌላው ዓለም ዳር ላይ የተሠራ ጣቢያና ኤርፖርት ሰው በቀላሉ እንዲደርስበት ያደረገው እንዴት ነው? የምታውቁትን አገር አምጡ። መርከብ የምታውቁም እንዳትቀሩ።

የከዚራ ልጅ

ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን ገላን ነው የምኖረው። ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ የቆረቆራት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው የተመሠረተችው። አዲስ አበባ ለገሃር የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። በዚያ ዘመን ጣቢያው ከተማው ውስጥ ነበር። ከባቡር ወርደህ ሻንጣህን አንጠልጥለህ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር በእግርህ ቤትህ ትገባለህ። የአሁኑ ጣቢያ ድሬም ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ መኪና ፍለጋ አለ።

ነገር ግን ሰዓት ብቻ እየቆጠርን የባቡርን ዋጋ እንዳንረሳው። በቅርቡ ከለቡ ስነሳ አጠገቤ የነበሩት እናት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ነበሩ። አውቶቡስ ላይ እግራቸውን አጥፈው ስለሚውሉ ሲወርዱ መራመድ እንደሚያቅታቸው ነገሩኝ። ባቡሩ ላይ ግን ሞጆን ስናልፍ ተነሱ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በወንበሮቹ መካከል እስከ ፉርጎው ጫፍ ሄዱና ተመለሱ። መተሐራ ስንደርስ ደገሙት። በሰቃ ሐይቅን በመስኮት እያዩ ቆመው ነበር። ድሬ ስንወርድ ልጃቸው ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ፣ ደህና ነኝ» አሉት። ይሄን አውሮፕላንም አውቶቡስም አይሰጥም።

ሐዲድ 1435

ብዙ ሰው «አዲሱን ባቡር ለምን ለገሃር አላስገቡትም» ይላልና ላስረዳ። የድሮው ሐዲድ ስፋት በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። የአዲሱ 1,435 ነው። የአዲሱ ባቡር እግር በድሮው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ለገሃር ማስገባት ማለት በቤቶችና በመንገዶች መካከል ከባዶ ሌላ መስመር መቅደድ ማለት ነው።

ፈረንሳዮች ይሄ ችግር አልነበረባቸውም። በ1981 ፈጣኑን ባቡራቸውን ቲጂቪን ከፓሪስ ወደ ሊዮን ሲጀምሩ አዲስ ሐዲድ የዘረጉት ከከተማ ውጭ ላለው ርቀት ነው። ስፋቱ ከነባሩ ጋር አንድ ስለሆነ ባቡሩ ፓሪስ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀንሶ በቆየው መስመር መሀል ከተማ ይገባል። ሞሮኮም ይሄንኑ አደረገች። በ2018 የተመረቀው አል ቦራቅ በአፍሪካ የመጀመሪያው ፈጣን ባቡር ነው። ከታንጀር እስከ ቀኒጥራ በአዲስ ሐዲድ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ከዚያ እስከ ካዛብላንካ ግን በነባሩ ነው የሚሄደው። 4 ሰዓት ከ45 ይፈጅ የነበረው መንገድ 2 ሰዓት ከ10 ሆነ። ያኔ በካዛብላንካ ሰፈሮች መካከል ለፈጣኑ ባቡር አዲስ መስመር መቅደድ አላስፈለጋቸውም።

የኛን የሚመስለው የጃፓን ነው። የነባሩ ሐዲዳቸው ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ፈጣኑ ባቡራቸው ሺንካንሰን ደግሞ 1,435። ስለዚህ ሁሉንም ከአዲስ መሥራት ነበረባቸው። ቶኪዮ ላይ እስከ ዋናው ጣቢያ አስገቡት። ኦሳካ ላይ ግን ከወንዝ ማዶ፣ ከመሀል ከተማው ውጭ፣ ሺን ኦሳካ የሚባል አዲስ ጣቢያ ሠሩ። ልክ እንደ ለቡ ዳር ነበር። ልዩነቱ የከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር እስከዚያ ማራዘማቸው ነው። ቅጥያው የተከፈተው መቼ መሰላችሁ? ሺንካንሰን ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ሥራ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ። የመጀመሪያው መንገደኛ ሲወርድ ወደ ቤቱ የሚወስደው ባቡር ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ዛሬ ያንን 515 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል፤ ሲጀምሩ 4 ሰዓት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በግጭት ወይም ከሐዲድ በመውጣት የሞተ አንድም መንገደኛ የለም፤ በመሬት መንቀጥቀጥ አገር ውስጥ! የባቡሩ ቅርጽ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ሰው ስለእሱ ያወራል። እኔን ግን የሚገርመኝ ያች አንድ ሳምንት ናት።

ቱሉ ዲምቱ ማዞሪያ

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን አውሮፕላንም ባቡርም አንሳፈርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ወርዳችሁ ሰልፉን እዩት። ልጅ ያዘለች እናት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ መሣሪያውን በማዳበሪያ የያዘ ግንበኛ። ሚኒባስ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ጉልበት ያለው ይገባል፣ እናትየዋ ትቀራለች። የኛ ጥያቄ እሱ ነው።

ሩቅ ለሚሄድም ቢሆን የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከ2014 ጀምሮ አለ። ቃሊቲ መናኸሪያ ሄደህ አውቶቡስ ትይዛለህ፣ ሲሞላ ይነሳል፣ አዳማ ከተማ ውስጥ ያወርድሃል። አውቶቡስ ሐዲድ አይፈልግም፤ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ጃፓንና ፈረንሳይ ሀብታም አገሮች ናቸው። ከእነሱ ጋር መወዳደሩ ምን ይጠቅመናል?

ናይሮቢ ነኝ

ወንድሜ ቱሉ ዲምቱ፣ የሰልፉን ነገር እውነት ብለሃል። የሀብት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን ግን እዚሁ አጠገባችን ካለው ልነሳና ልሞግትህ።

ኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚመጣውን አዲስ ባቡር የጀመረችው በ2017 ነው፤ ከእኛው ጋር አንድ ዘመን፣ ሐዲዱም 1,435። የናይሮቢው ጣቢያ ሲዮኪማው ነው፤ እሱም ከከተማው ውጭ። ነገር ግን መሀል ናይሮቢ ካለው የድሮ ጣቢያ እስከዚያ የሚያመላልስ የከተማ ባቡር አለ። አዲስ ቅንጡ ነገር እንዳይመስልህ። በዚያው በእንግሊዞች ዘመን ሐዲድ ላይ በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ነው። ከሞምባሳ የመጣው መንገደኛ ወርዶ ወደሱ ይሻገራል። ያላቸውን አሮጌ ነገር ነው ማገናኛ ያደረጉት።

ታንዛኒያ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። በ2024 የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡራቸው የሚነሳው ከዳሬሰላም መሀል ነው፤ ከድሮው ጣቢያ አጠገብ። ሐዲዱን በከተማው ላይ በድልድይ አሻግረው አስገቡት። በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ዶዶማ አሁን ከአራት ሰዓት በታች ሆኗል። ደቡብ አፍሪካም ጋውትሬይን የሚባለውን ባቡሯን በጁን 2010 ስትከፍት የመጀመሪያው ክፍል ከጆሃንስበርጉ ሳንድተን ሰፈር እስከ ኤርፖርቱ ነበር። የዓለም ዋንጫው ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት ደረሰ። ሦስቱም አፍሪካውያን ናቸው።

የፉሪ ሰው

የከዚራ ልጅ፣ እናትየዋን እንዳያቸው አደረግሽኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ሰልፉን ከክርክሩ ውጭ አላደርገውም። እንዲያውም የምለው እሱኑ ነው። ለቡ ድረስ መድረሻ ከሌለ ባቡሩ ለእናትየዋም ለግንበኛውም የለም ማለት ነው። ቀላል ባቡራችን በ2015 ሲጀምር መጨረሻዎቹ አያት፣ ጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ አደባባይና ቃሊቲ ሆኑ። ለቡ የሚደርስ መስመር የለውም። ከጦር ኃይሎች ወርደህ በአየር ጤና፣ በጀሞ አድርገህ ሚኒባስና ባጃጅ እየቀያየርክ ነው የምትደርሰው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ዘርግተን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ለባጃጅ ተውናቸው።

መልሕቅ

ልጆቼ፣ መርከብ የሚያነሳ የለም ስላላችሁ ነው የገባሁት። እኔ በጡረታ ሰበታ ነው የምኖረው፤ የጉልምስና ዕድሜዬን ግን ባሕር ላይ ነው የጨረስኩት።

መርከብ ቀርፋፋ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ልጅ ሚዛን፣ ከደጅ እስከ ደጅ ከለካችሁት፣ ከሦስቱ ሁሉ መሀል ከተማ የሚገባው እሱ ነው። ምክንያቱም ጥንታዊ ከተሞች የተቆረቆሩት ወደብ ዙሪያ ነው። ኢስታንቡል ሄዳችሁ ብታዩ ጠዋት ሠራተኛው ከእስያ ወገን ወደ አውሮፓ ወገን በፌሪ ይሻገራል፤ ሻዩን እየጠጣ፣ ለወፎቹ ዳቦ እየወረወረ። ሲወርድ ገበያው መሀል ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ስታር ፌሪ ከ1888 ጀምሮ አለ። ኒው ዮርክ ላይ ከስታተን ደሴት ማንሃተን የሚያሻግረው ፌሪ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከ1997 ጀምሮ ለእግረኛው በነፃ ነው። ዳሬሰላምና ዛንዚባርም በሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በሁለቱም በኩል ከወደቡ በር ወጥተህ ከተማው ውስጥ ነህ።

የምሽቱ መርከብ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ ማታ ተሳፍረህ፣ ራትህን በልተህ፣ ክፍልህ ገብተህ ትተኛለህ፤ ጠዋት ከተማው ፊት ለፊት ነህ። ሰዓቱ ከ16 በላይ ነው፣ ግን የተኛህበትን ሌሊት ማን ይቆጥረዋል?

ውቅያኖስ መሻገር ግን የአውሮፕላን ሆኗል። በ1952 ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው መርከብ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ገደማ አቋርጣ ክብረ ወሰን ያዘች። በ1958 የጄት በረራ ሲጀመር ያ ሁሉ ልፋት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያ አጣ። ዛሬ በመደበኛነት የምትሻገረው ኩዊን ሜሪ 2 አብዛኛውን ጊዜ 7 ሌሊት ትወስዳለች፤ ሰውም የሚሳፈራት ለሽርሽር ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። መርከብ ላይ ሆነን ከመነሳታችን በፊት ካፒቴኑ የሚጠይቀን የመጨረሻ ጥያቄ «ስንት ሰው ተሳፈረ?» የሚል ነው። መሰላሉ አጠገብ የሚቆመው ልጅ በእጁ መቁጠሪያ ይይዛል፤ አንድ ሰው በረገጠ ቁጥር አንዴ ይጫናል፤ ሲወርዱም እንደዚያው። ሁለቱ ካልገጠሙ ገመድ አይፈታም። በሴኔጋል ሌ ጆላ የተባለችው ፌሪ በሴፕቴምበር 2002 ስትሰምጥ ከ1,800 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከታይታኒክ ይበልጣል። የተሠራችው ለ580 ያህል ሰው ነበር። ያንን ቁጥር አንድ ሰው ቆጥሮ «በቃ» ቢል ኖሮ! ቱሉ ዲምቱ የምትለው ሚኒባስም ከዚህ አይለይም። ስለ ትርፍ መጫን የማይጨነቅ የትራንስፖርት ክርክር አልወድም።

የሰበታ ተማሪ

አባባ፣ እናመሰግናለን፤ እርስዎ ሰፈራችን መሆንዎን አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሦስቱ አየሩን የሚበክለው የቱ ነው? የኛ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ንጹህ ነው ይባላል፤ ልክ ነው?

ሐዲድ 1435

አዎ፣ ልክ ነው፤ ግን ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ ብለህ ጠይቅ። የኛ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ግድብ ስለሆነ ባቡራችን በእውነት ንጹህ ነው። ከሰል አቃጥሎ ኃይል በሚያመነጭ አገር ግን ጭሱ ከባቡሩ ወደ ማመንጫው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛው ምክንያት የብረት እግር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ ያንን ሁሉ ፉርጎ የሚጎትተው ለዚህ ነው። አውሮፕላን መጀመሪያ ራሱን ማንሳት አለበት። አቪዬሽን ከዓለም የካርቦን ልቀት 2.5 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከዓለም ሕዝብ አውሮፕላን የሚሳፈረው ጥቂቱ ነው። መርከብ ጭነት ሲይዝ በጣም ቆጣቢ ነው። መንገደኛ የሚያፈጥን ፌሪ ግን ነዳጅ ይበላል። ኖርዌይ ከ2015 ጀምሮ በባትሪ የሚሄድ የመኪና ፌሪ አላት።

ክንፍ

አውሮፕላን ያለጠበቃ ሲከሰስ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሙያዬ ጥገና ላይ ነኝ።

ተራራና ገደል በበዛበት አገር አውሮፕላን ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚፈልገው ሁለት ጫፍ ብቻ ነው። መሀሉ ላይ ድልድይ የለ፣ ዋሻ የለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በኤፕሪል 1946 በአስመራ አድርጎ ካይሮ ሲያደርግ አገሪቱ ውስጥ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደነበር አስቡ። ደቡብ ኮሪያ እንኳ እንዲያ ያለ ፈጣን ባቡር እያላት ከሶል ጄጁ ደሴት ያለው በረራ በዓለም ላይ መንገደኛ ከሚበዛባቸው ግንባር ቀደሙ ነው። ባሕር አለ፣ ባቡር አይሻገረውም።

ስለ ቢሾፍቱ ደግሞ ይሄን እወቁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚያመነጨው ግፊት ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን ከቦሌ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ወደ አሜሪካ ሲሄድ መሀል ላይ ነዳጅ ለመሙላት አርፎ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። አቡሴራ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ያ ልዩነት በሻንጣና በመንገደኛ ሲመነዘር ብዙ ነው። ቦታው ዝም ብሎ አልተመረጠም።

ግን የፉሪ ሰው ስጋት ስጋቴ ነው። ሞንትሪያል በ1975 ሚራቤል የሚባል እጅግ ሰፊ ኤርፖርት ከከተማው ርቆ ከፈተች። ዓለም አቀፍ በረራውን ወደዚያ ወሰዱት፤ የአገር ውስጡ በነባሩ ዶርቫል ቀረ። ሊሠራ የታሰበው ፈጣን ባቡር አልተሠራም። ከውጭ የመጣ መንገደኛ ወደ ሌላ የካናዳ ከተማ ለመቀጠል ከአንዱ ኤርፖርት ወደ ሌላው በመኪና መሄድ ነበረበት። አየር መንገዶቹ ቶሮንቶን መረጡ። በ2004 የመጨረሻው የመንገደኛ በረራ ተነሳ፤ በኋላም ተርሚናሉ ፈረሰ። ኤርፖርቱ በራሱ ጥሩ ነበር። የገደለው ለሁለት መከፈሉና ባቡሩ መቅረቱ ነው።

ቶኪዮም ናሪታን በ1978 ስትከፍት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፤ ባቡሩ ተርሚናሉ ስር የገባው በ1991 ነው። እስከዚያ ድረስ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። 13 ዓመት! ሆንግ ኮንግ ግን በጁላይ 1998 አዲሱን ኤርፖርት ስትከፍት ፈጣኑን የኤርፖርት ባቡር በዚያው ቀን ከፈተች፤ 24 ደቂቃ። የድሮውን ካይ ታክንም ዘጋችው። ለሁለት አልከፈሉትም። እኛ ልናጠና የሚገባን እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ሞንትሪያልንና ሆንግ ኮንግን።

ቱሉ ዲምቱ ማዞሪያ

የሞንትሪያሉ አሳመነኝ። በሕንጻው ላይ ያ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶ መንገዱ መቅረቱ ያናድዳል።

ግን ማገናኛው ሁሌ ሐዲድ መሆን አለበት ወይ? የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ2000 ትራንስሚሌንዮን ስትጀምር አውቶቡስ ነው የተጠቀመችው፤ ለብቻው መስመር፣ ከፍ ያለ መሳፈሪያ፣ ትኬት ከመግባትህ በፊት ተቆርጦ። ቦጎታም እንደ አዲስ አበባ ደጋ ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። ከጦር ኃይሎች ለቡ፣ ከቃሊቲ ለቡ፣ አውቶቡስ ብቻ የሚሄድበት መስመር ቀለም ቀብተው ቢከልሉልን ነገ ማለዳ ይጀመራል። ሐዲድ እስኪመጣ ልጆቻችን ያድጋሉ።

ሐዲድ 1435

ቱሉ ዲምቱ፣ እዚህ ላይ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስዊዘርላንድ ከሁሉም አገር የምትበልጥብኝ በፍጥነት አይደለም። ባቡሮቿ ሺንካንሰንን አይደርሱበትም። የሰሩት የሰዓት ሠንጠረዥ ነው። በትላልቆቹ ጣቢያዎች ባቡሮቹ ከየአቅጣጫው ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ይገባሉ፣ መንገደኛው ይለዋወጣል፣ ሰዓቱ እንደሞላ ይወጣሉ። ገጠር ላይ ደግሞ ቢጫው ፖስታ አውቶቡስ በባቡሩ ሰዓት ተነስቶ በባቡሩ ሰዓት ይደርሳል። ይሄ ከብረት በፊት እርሳስና ወረቀት ነው የሚጠይቀው። የባቡሩ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ታውቆ ሁለት አውቶቡስ ለቡ በር ላይ ቢቆም ከመሠረተ ልማት ምንም አይጠይቅም።

ሐዲዱን በተመለከተም ያለን ነገር አልተጠቀምንበትም። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለ ሁለት መስመር ነው፤ ከአዳማ ወደ ጅቡቲ ያለው ግን አንድ ነው። አንድ መስመር ላይ የወደብ ጭነት ባቡር ሲመጣ ሌላው ጣቢያ ገብቶ ይጠብቃል፤ እዚያ ላይ ብዙ የመንገደኛ ባቡር መጨመር ከባድ ነው። ከአዳማ ወዲህ ግን አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል። ሰበታ፣ ለቡ፣ እንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፤ ጣቢያዎቹ ተሠርተው ቆመዋል፣ ሽቦው ተዘርግቷል። ጠዋትና ማታ አጭር የሠራተኛ ባቡር ለማመላለስ የጎደለው ፉርጎ፣ መርሐ ግብርና ከጣቢያ መውጫ መንገድ ነው። አዲሱ ኤርፖርትም የሚሠራው በዚሁ ኮሪደር ላይ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ከባዶ ከመጀመር ጋር አይወዳደርም።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ሐዲድ በዋናነት የተሠራው ለጭነት ነው። ልክ ነው፤ ወደብ የሌለን አገር ነን፣ ማዳበሪያውና ነዳጁ ይቅደም። ግን ጭነት ሌሊትም ይሄዳል፤ ሠራተኛ የሚፈልገው ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ነው።

የከዚራ ልጅ

የአውቶቡሱን ሐሳብ እኔ ነገ ይሁን እላለሁ። ከድሬ ሲመጣ መሽቶ ሊደርስ ይችላል። ሴት ልጅ ሻንጣና ካርቶን ይዛ ከጣቢያው በር ስትወጣ የሚጠብቃት ጨለማ መንገድና ዋጋ የሚጠራ ሹፌር ነው። ባለፈው አንዱ ከባቡር ትኬቴ የማይተናነስ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ምርጫ ስላልነበረኝ ከፈልኩ። ሌሎች ሁለት ልጆች ያን ያህል ስላልነበራቸው አብረውኝ ገቡ። ስለ ማድሪድም ስለ ኦሳካም ሳነብ የማስበው ይሄንን ነው፤ እዚያ ያለችው ሴት ማታ ስትወርድ መብራትና ሰዓቱ የታወቀ መኪና አላት። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ መብራት ነው፣ ሁለተኛው አውቶቡስ ነው። ፍጥነቱ ይቆየኝ።

መልሕቅ

ልጄ፣ ትክክል ነሽ። ወደብም ላይ የመጀመሪያው ሥራ መብራት ነው።

የሰበታ ተማሪ

እኔ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ስፈልግ ነበር። የሰበታን ጣቢያና አካባቢውን ለመለካት አስቤያለሁ፦ ከጣቢያው በር እስከ ዋናው አስፋልት ያለው መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ መኖሩ፣ መብራቱ፣ የቅርቡ ታክሲ ተራ። ለቡ፣ እንዶዴና ቢሾፍቱ አጠገብ የምትኖሩ በተመሳሳይ መንገድ ብትለኩልኝ አራቱን ጎን ለጎን አደርጋቸዋለሁ።

የፉሪ ሰው

ለቡን እኔ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋትና ማታ ሄጄ አያለሁ፤ ማታውን ባቡር ሲገባ ጠብቄ ነው የምለካው፣ የከዚራ ልጅ ያለችው ያኔ ስለሚታይ። የከዚራ ልጅ፣ እንዶዴ ለገላን ቅርብ ነውና አንቺ ብትይዢው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከቃሊቲ መናኸሪያ ለቡ ድረስ ያለውን መንገድ በሥራ ቀን ጠዋት ሰዓት ይዞ ቢሄድበት፣ የአውቶቡስ መስመር የት ላይ ሊከለል እንደሚችል እናውቃለን።

ክንፍ፣ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የአቡሴራውን ንድፍ በቅርብ ያየ ባልደረባ ካለህ፣ ባቡሩ የሚቆመው ተርሚናሉ ስር ነው ወይስ አውቶቡስ የሚያስፈልግ ርቀት ላይ ነው ብለህ ጠይቅልን። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ክንፍ

ሰኞ እጠይቃለሁ። የመንገደኛ መኪና ማቆሚያውንም ጨምሬ።